ድንኳን ከመነቀሉ በፊት፦ ከግልገል ጊቤ የዓሣ ቆይታ ወደ ጅማ የመመለሻ መመሪያ

ጅማ ባሕር የላትም። ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ የጅማ ልጅ ግን ግልገል ጊቤ አለለት። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ተጠናቆ 184 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሲዘጋጅ፣ ወንዙ ይወርድበት የነበረው ሸለቆ ሰፊ ሐይቅ ሆነ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ እጃችን ሲፈታ፣ ሦስት ሳምንት እዚያ እንከርማለን። ዳር ላይ ድንኳን እንተክላለን። ጀልባ የምንከራየው እዚያው ከሚኖር አባወራ ነው፤ መረብም የምንጥለው ከእሱ ጋር ነው።

ስለ አጠማመዱ የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ስለ አመላለሱ ግን የነገረን አልነበረም። ሁሉንም ያወቅነው እየተበላሸብን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሦስት ሳምንት ልፋታችንን በአንድ ጠዋት ጥድፊያ አበላሸነው። ዓሣው መንገድ ላይ ሸተተ፣ እርጥቡ መረብ ጆንያ ውስጥ ሻገተ፣ ከአባወራው ጋርም ሒሳብ ሳንጨርስ ተለያየን። አሁን መመለስ የምንጀምረው አራት ቀን ሲቀረን ነው። እኛ የምንሠራውን በየተራው እጽፍላችኋለሁ።

አራት ቀን ሲቀር፦ ቋንጣው

ለቤት የሚሆን የዓሣ ቋንጣ ከፈለጋችሁ ዛሬ መጀመር አለባችሁ። ነገ ካላችሁ አይደርስም። የጥርና የየካቲት ፀሐይ ጥሩ ናት፤ ቢሆንም በደንብ ለመድረቅ ሦስት ቀን ሙሉ ይፈልጋል።

እኛ ለቋንጣ የምንመርጠው ቢልጫን ነው። ቢልጫ ጥቃቅን እሾህ ይበዛበታል፤ ፊሌቶ ለማውጣት ያስቸግራል። ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) ለመጨረሻው ቀን ተዉት፤ እሱ ትኩስነቱ ነው የሚፈለገው።

ዓሣውን ቅርፊቱን ፋቁ፣ ከጀርባው በኩል ሰንጥቃችሁ እንደ መጽሐፍ ዘርጉትና ሆድ ዕቃውን አውጡ። የሆዱ ቆዳ ሳይቆረጥ ሁለቱን ጎን አያይዞ ይቅር። ወፍራም ሥጋ ላይ በቢላ አግድም መስመር አውጡበት፤ ጨው የሚገባው በዚያ ነው። በንጹሕ ውኃ እጠቡና አንጠፍጥፉት።

ጨው አትቆጥቡ። ለአራት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ጨዋማ እንዳይሆን ብላችሁ ብትቀንሱ ውስጡ ይሸታል። ጨውነቱ በኋላ በውኃ ይወጣል፤ የሸተተ ዓሣ ግን መድኃኒት የለውም። በፕላስቲክ ባልዲ አንድ ረድፍ ጨው፣ አንድ ረድፍ ዓሣ እያደረጋችሁ ደርድሩ። ላዩን በድንጋይ ተጫኑት። ድንጋዩ በላስቲክ ቢጠቀለል ጥሩ ነው። ጠዋት ስትከፍቱት ዓሣው በራሱ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። ጨው ከሥጋው ውስጥ የሳበው ውኃ ነው፤ ድፉት።

ከዚያ ፀሐይ ላይ። መሬት ላይ ግን አይዘረጋም። አራት እንጨት ተክላችሁ ቁመቱ እስከ ወገባችሁ የሚደርስ ቆጥ ሥሩ። አሮጌ መረብ ወይም ወንፊት ሽቦ ወጥሩበት፤ አየር ከታችም ከላይም ይግባው። በቀን ሦስት አራቴ አገላብጡት። ፀሐይ ስትጠልቅ አስገቡት። የጊቤ ሸለቆ ጤዛ ቀን ሙሉ የደረቀውን በአንድ ሌሊት ያርሰዋል። መድረቁን በአውራ ጣት ታውቁታላችሁ፤ በጣም ወፍራም የሆነውን ቦታ ስትጫኑት የጣታችሁ ምልክት ካልቀረ ደርቋል።

ሦስት ቀን ሲቀር፦ መኪናና በረዶ

ይህ ስልክ የመደወያ ቀን ነው። መጀመሪያ መኪና። ሐሙስ አትመለሱ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ከሰርቦም ከአሰንዳቦም የሚነሳው መኪና ሁሉ በሰውና በጆንያ ይሞላል፤ ለእናንተ ሣጥን ቦታ የሚሰጥ ረዳት አታገኙም። ከተቻለ ሚኒባስ ወይም አባዱላ ለብቻ ተኮናተሩ። ሦስት አራት ሰው ሲካፈለው አይከብድም። ሾፌሩ ዓሣ እንደምትጭኑ አስቀድሞ ይወቅ።

ቀጥሎ በረዶ። ጅማ ያለ ወንድም ወይም እህት ይኑራችሁ። ባዶ ሃይላንዶችን በንጹሕ ውኃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ይክተትላችሁ። እስከ አፍ ገደፉ አይሙላ፤ ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ፕላስቲኩንም ይሰነጥቀዋል። መኪናው ሊወስዳችሁ ሲመጣ በረዶውን ከፎም ሣጥን ጋር ይዞ ይምጣ። ልኩ ቀላል ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። ሰው ሲሰማው ይበዛበታል። በእኛ ሙቀት ግን ከዚያ ያነሰ በረዶ መንገድ ላይ ያልቃል።

ሁለት ቀን ሲቀር፦ መረብ መቁጠር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ይህን ካልሠራችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ስንት መረብ ጣላችሁ? ስንት አወጣችሁ? ቁጥሩ በደብተር ይያዝ። እኛ አንድ ዓመት ሰባት ጥለን ስድስት አወጣን። ከሰዓት ነፋስ ተነሣ፣ ውኃው ተናወጠ፣ ሰባተኛውን ፈልገን አጣነው። መኪናው እየጠበቀ ነበር። «አንድ መረብ ነው፣ ይቅር» አልንና ሄድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባወራው ደወለልኝ። ውኃው ሲሸሽ መረቡን አግኝቶታል። በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ጭቃው ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ውስጡ ዓይናቸው የጠፋ ቆሮሶዎች፣ ከሥራቸው ሌሎች፣ ከእነዚያ ሥር ደግሞ አጥንት ብቻ። አንዲት ጥቁር የውኃ ወፍ ዓሣውን ልትወስድ ገብታ እግሯ ተጠላልፎ እዚያው ሞታለች። ክሩ አጥንቷ ድረስ ገብቷል። መረቡ ግን አንድም ቦታ አልተበጠሰም።

ናይሎን ውኃ ውስጥ አይበሰብስም። ባለቤቱ ቢረሳውም እሱ መያዙን አያቆምም። የያዘው ዓሣ ሞቶ ሌላውን ይጠራል፣ ያም ይያዛል። ለዓመታት እንዲህ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መረብ ማውጣት የምንጀምረው ሁለት ቀን ሲቀር ነው፤ አንዱ ቢጠፋ የምንፈልግበት ቀን እንዲኖረን።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ጎሕ ሲቀድ ውጡ፤ ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታችሁ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ ሳቡ፤ ጀልባው መረቡ ላይ እንዳይሄድባችሁ። አንዱ ይቅዘፍ፣ ሌላው ይሳብ። የጠፋ መረብ ካለ ወደ ክንድ የሚጠጋ ፌሮ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፉና በረጅም ገመድ እሰሩት። መረቡ ተጥሎበት የነበረውን መስመር አግድም እያቋረጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ፌሮው ሲይዝ ገመዱ እጃችሁ ላይ ይከብዳል። የግድቡ ውኃ ለመብራት ስለሚለቀቅ በደረቅ ወራት ዳርቻው ይሸሻል። ስትመጡ ያያችሁት ምልክት ዛሬ ከውኃው ርቆ ይሆናል፤ በእሱ ብቻ አትመሩ። እኛ ከውኃው ወዲያ ማዶ ያለ ትልቅ ዛፍና የአንድ ቤት ቆርቆሮ በአንድ መስመር ሲሆኑ እያየን እንጽፋለን።

ስትስቡ ደግሞ ዓሣዎቹን እዩ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ነው የምታሳድገው። አገጯ ሥር ያበጠች፣ አፏን ግጥም አድርጋ የዘጋች ካገኛችሁ ወደ ጀልባው አታውጧት። ከወጣች ትተፋዋለች። አንድ ጠዋት ጓደኛዬ መዳፍ ላይ ተፋችው፤ እንደ ማሽላ ፍሬ ትንንሽ፣ ወደ ብርቱካንማ የሚሄድ ቢጫ፣ ብዙ። ወደ ውኃው መልሰን ብንጥለውም ያለ እናቱ አያድግም። እጃችሁን ውኃ ውስጥ ከታችሁ መረቡን ከራሷ ላይ እዚያው ፍቱላት። ክሩን መቁረጥ ካስፈለገ ይቆረጥ፤ መረብ ይሰፋል።

መቼም የመጨረሻ ቀን ላይ ስስት ይመጣል። «ይህን ያህል ቀን ቆይተን በባዶ ሣጥን?» የሚል ሐሳብ ይገባል። በአጎበር ጠርጎ ማውጣት ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን የሚታሰበው በዚህ ሰዓት ነው። አጎበር ጣት የማታክል ጫጩት ሳይቀር ይጠርጋል፤ የተነከረበት መድኃኒትም ዓሣ ይገድላል። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያደነዝዛል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። ያላችሁን ይዛችሁ ግቡ።

መረብ ማጠብና ማድረቅ

መረቡን በሐይቁ ውኃ ብቻ እጠቡት። ሳሙና አያስፈልግም፤ ሐይቁ ውስጥም አይገባም። የዓሣ ልጋግ፣ ቅጠል፣ ጭቃ እስኪለቅ ንከሩት። ከዚያ ጥላ ሥር በገመድ ላይ ስቀሉት። ቋንጣ ፀሐይ ይወዳል፣ መረብ ግን አይወድም። ናይሎንን ውኃ ባይጎዳውም ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ክሩም በትንሽ ጉተታ ይበጠሳል። ተንጠልጥሎ ሳለ ቀዳዳውን ፈልጋችሁ ስፉት። ቤት ስገባ እሰፋዋለሁ የሚል ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቀዳዳውን ይዞ ይመጣል። ሲደርቅ ተንሳፋፊውን በአንድ ወገን፣ እርሳሱን በሌላ ወገን አድርጋችሁ ሰብስቡና በማዳበሪያ ክተቱት።

መንጠቆዎቹን ቡሽ ወይም ፎም ላይ ሰክታችሁ ቁጠሩ። የተበጣጠሰ የመንጠቆ ክር መሬት ላይ አይቅር። ውኃው ሲሸሽ ሣር ይበቅላል፣ ከብት ይሰማራበታል። ክሩ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ መንጠቆ ደግሞ ከሣሩ ጋር ይዋጣል።

የመጨረሻው ማታ፦ ሒሳብ

ሒሳብ በማታ ነው የሚሠራው። መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሒሳብ አይሠራም። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ አባወራው ቤት ሂዱ። የጀልባው ቀናት፣ የማገዶው፣ የወተቱ፣ ድንኳን የጠበቀው ልጅ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይነበብ። እሱ የረሳው ለእናንተ የሚጠቅም ቢሆንም አስታውሱት። የተቀደደ መረብ ወይም የተሰበረ መቅዘፊያ ካለ ሳይጠየቅ ተናገሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለቤቱን አመስግኑ። ሦስት ሳምንት ቡና ያፈላችው እሷ ናት። እኛ ስኳርና ሳሙና እናስቀምጣለን፣ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ። አማርኛ የሚችሉ ቢሆኑም በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኗቸው። በገዛ ቋንቋው የተመሰገነ ሰው ፊቱ ሲበራ ታዩታላችሁ።

በዚህ ማታ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ሰው ጠዋት እንዳይቸገር ብሎ ዕቃውን ማታ ያሽጋል፤ አጎበሩንም አብሮ ያሽጋል። አጎበር ከሁሉም በኋላ ነው የሚታሸገው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ማታና ሌሊት ነው፤ የመጨረሻ ሌሊታችሁ መሆኑን አታውቅም።

የመመለሻው ጠዋት

ለቤት የሚሆነውን ቆሮሶ የምናገኘው በዚህ ጠዋት ነው። ማታ አንድ መረብ ብቻ እንጥላለን፣ ከቅርብ ቦታ። ጎሕ ሲቀድ እናወጣዋለን። መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ከደረሰ ዓሣው ያለ በረዶ የሚቆየው ጥቂት ነው። እስከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አኑሩት።

ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ስንጥቡንም አብራችሁ ንቀሉ። ስንጥብ ማለት ከጆሮው ክዳን ሥር ያለው ቀዩ ነው። መበላሸት የሚጀምረው ከሁለቱ ነው። ደሙን አጥርታችሁ እጠቡ። ፊሌቶ እዚያ ለማውጣት አትድከሙ፤ ሙሉው ዓሣ የተሻለ ይቆያል። ለማንኛውም ለሂሳባችሁ እንዲሆን፣ ከአሥር ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሦስት ኪሎ አካባቢ ነው። ለስንት ሰው ቃል እንደገባችሁ በዚያ ገምቱ።

ሃይላንዱን በቢላ ቀዳችሁ በረዶውን አውጡና በጆንያ ውስጥ ሰባብሩት። በጠርሙሱ እንዳለ ብታስቀምጡት የሚነካው ዓሣ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። የሣጥኑ ታች በረዶ፣ ከላዩ ዓሣ፣ ሆዱ ውስጥም በረዶ፣ እንደገና በረዶ። የላይኛው ረድፍ በረዶ ይሁን። ሣጥኑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ የቀለጠው ውኃ ከደም ጋር ከቆመ ዓሣው በዚያ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከሥሩ ባልዲ ወይም ሸራ አድርጉ፣ የሰው መኪና ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ዓሣውን በፌስታል ቋጥረን መኪናው ጣሪያ ላይ ጭነን ነበር። አየር የለው፣ በረዶ የለው፣ ፀሐይ ከላይ። ጅማ ስንደርስ ፌስታሉ ተነፍቶ ነበር። አንዱንም አልበላንም።

መኪናው እስኪሞላ ቦታውን አጽዱ። የዓሣ ሆድ ዕቃና ቅርፊት ከውኃው ራቅ ብሎ በጉልበት ጥልቀት ይቀበር። ጥልቀቱ ካነሰ ጅብና ውሻ ያወጡታል። እሳቱ ላይ ውኃ አፍስሱ፣ አመዱን በእጃችሁ ንኩ፤ የሚሞቅ ከሆነ ድገሙ። ላስቲክና ሃይላንድ ሁሉ ከእናንተ ጋር ጅማ ይግባ። የድንኳኑ ካስማ የወጣበትን ጉድጓድ ድፈኑ፤ የጥጃ እግር ይገባበታል።

ጅማ ስትገቡ

ከሁሉ በፊት ደውሉ። «በሰላም ገባን» የሚለውን የሚጠብቅ ሰው አለ።

ከዚያ ዓሣው። ዛሬ የሚበላውን ለዩ፣ የቀረውን በየአንድ ወጥ መጠን ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። አንድ ላይ ከቀዘቀዘ ለአንድ ምሳ ሁሉን ማቅለጥ ይመጣል፤ የቀለጠ ደግሞ አይመለስም። ጥሩ ዓሣ ዓይኑ የጠራ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ይመለሳል፣ ሽታው የውኃ ሽታ ነው። የተጠራጠራችሁትን ለጎረቤት አትስጡ። ዓቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት አለ፣ የማይበላም አለ። ቋንጣውን ስትፈልጉ ማታ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ሁለት ጊዜ ቀይሩለት፣ ጠዋት ለወጥ ይሆናል። እናቴ በበርበሬና በብዙ ሽንኩርት ነው የምትሠራው፤ ጨው ሳትጨምር።

መረቡን ከማዳበሪያው አውጥታችሁ እንደገና አናፍሱት፣ ቢያንስ ሁለት ቀን። የደረቀ የመሰለው መሐሉ እርጥብ ነው። ከዚያ ከግድግዳ ርቆ ከጣሪያ በሽቦ ይንጠልጠል። አይጥ የዓሣ ሽታ ይስባታል፤ መሬት ላይ ካገኘችው በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለች። ቢላውንና መንጠቆውን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ።

ሰውነታችሁም ክትትል ይፈልጋል። የወባ ምልክት ከንክሻው በኋላ ከሳምንት ቀድሞ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይታያል፤ አንዱ ዓይነት ግን ወራት ቆይቶም ይነሣል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና «ግልገል ጊቤ ዳር ከርሜ ነው የመጣሁት» በሉ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ታሳጥራለች።

ዳር ዳሩን በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ቆማችሁ ከነበረ ቢልሃርዚያም ይታሰብ። በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በኩል የሚመጣና በቆዳ የሚገባ ትል ነው። በተመለሳችሁ ማግስት ብትመረመሩ አይገኝም፤ እንቁላሉ በሰገራ ውስጥ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። እኛ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ቀን ቆርጠን ሦስታችንም አብረን እንመረመራለን። ጓደኛዬ አንድ ዓመት ላይ ተገኝቶበት በአንድ ቀን በሚዋጥ ኪኒን ድኗል። የዘንድሮው ቀጠሯችን መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ደብተሩ ላይ ከመረቦቹ ቁጥር ሥር ጽፌዋለሁ።